የማገዶ ጭስና ቤንዞፓይሪን፦ እንጀራ ለሚጋግሩ ሰዎች ምን ያህል ያሰጋል?

ጠያቂ (አዳማ)፦
እናቴ እዚህ አዳማ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት በሦስት ጉልቻ ላይ በማገዶና በሰጋቱራ ስለምትጋግር፣ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ከውስጥ ጠቁሮ ጥላሸቱ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል፤ እርሷም በደረቅ መጥረጊያ ታራግፈዋለች። በጭስ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የሚባል ካንሰር አምጪ ውህድ እንዳለ በማንበቤ ተጨንቄአለሁ። ውህዱ በሲጋራ ጭስ ብቻ ነው ወይስ በማገዶም ይገኛል? ጭሱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥላሸትስ ይጎዳል?

የኬሚስትሪ መምህር፦
በማገዶም ይገኛል። ቤንዞፓይሪን እንጨቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ሳይሆን እንጨት፣ ከሰል፣ ትምባሆ፣ ናፍጣ ወይም የሥጋ ስብ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው፤ 20 የካርቦንና 12 የሃይድሮጅን አተሞች ያሉት ሲሆን፣ ካርቦኖቹ አምስት የተጣበቁ ቀለበቶች ይሠራሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ሰውነታችን ሊያስወግደው ሲሞክር ነው፤ ኢንዛይሞች በውኃ እንዲሟሟ ብለው ሲለውጡት ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ቅርጽ ይይዛል፣ በዚያም የዘር መልእክቱ ይዛባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ውህዱን በምድብ 1 (በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ)፣ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን ደግሞ በምድብ 2ሀ (ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም የሚባል) አስቀምጧቸዋል። ምድቡ የሚናገረው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው፤ የአንድ ሰው አደጋ የሚወሰነው በሚተነፍሰው ጭስ መጠንና በዓመታቱ ብዛት ስለሆነ፣ ለሽያጭ የሚጋግር ሰው ከሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የጤና ባለሙያ፦
ስለ ጥላሸቱ የጠየቁት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ የሚታየውን የቆለጥ ከረጢት ካንሰር በቆዳቸው እጥፋት ከሚቀረው ጥላሸት ጋር አያይዞት ነበር። የእነርሱ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ጥላሸት ነበር፤ ቢሆንም የእንጨቱ ጥላሸትም ከቤንዞፓይሪን ቤተሰብ የሆኑ ውህዶችን ይይዛል። እናትዎ በደረቁ ባያራግፉት ይሻላል፤ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ሲጨርሱም ገላቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ይቀይሩ። የማይለቅ ሳል ካለባቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

እንጀራ ጋጋሪ፦
ልጄ፣ እሳቱን በፌስታል ማቀጣጠል ከለመደች ዛሬውኑ ትተው። ሰጋቱራውም ከእንጨት ሥራ ቤት የሚመጣ ከሆነ ቀለምና ሙጫ የነካው እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ፤ እርጥቡን ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እርጥብ ማገዶ ነው ጭሱን የሚያበዛው። እኔ ጉልቻውን ትቼ የተከደነ፣ የጭስ መውጫው በቆርቆሮ ቱቦ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ ምድጃ ካሠራሁ ወዲህ ዓይኔ ማልቀሱን አቁሟል፤ ማገዶውም ቀንሶልኛል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንጀራው ራሱስ ውህዱን ይይዛል?

የኬሚስትሪ መምህር፦
ሊጡ በምጣድና በአክንባሎ መካከል በእንፋሎት ስለሚበስል ነበልባል አይነካውም፤ በፍም ላይ ስቡ እየተንጠባጠበ እንደሚጠበስ ሥጋ አይደለም። የእኔ ስጋት ከምጣዱ አጠገብ ለሰዓታት ጎንበስ ብለው ለሚተነፍሱት ለእናትዎ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ የጭስ መውጫውን ያሠሩላቸው።