ሆሎ ቦዲ ጊታር ገዛሁ፤ ክር ከቀየርኩ በኋላ ላይኛው ፍሬት አልቃኝ አለኝ (ደሴ)

ጠያቂ፦ የሙጋድ ልጅ
ሰላም ወገኖች። በመጨረሻ እጄ ገባች! የ1950ዎቹን መልክ የያዘች ሆሎ ቦዲ (ሆዷ ባዶ የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር) ናት፤ ሁለት የኤፍ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ፣ ሁለት ፒ ናይንቲ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ ወደ አምፕ የሚልከው)፣ ብሪጇ (ክሮቹ ገላዋ ላይ የሚያርፉበት) እንጨት። ሳትሰካ ራሱ ክፍሉን ትሞላዋለች፤ ተሰክታ በአንገቱ ፒክአፕ ትዝታ ሲመታባትማ ማቆም የለም። ችግሩ፣ አሮጌዎቹን ክሮች ሁሉንም አንዴ ፈትቼ 9–42 የሚባለውን ቀጭን የክር ስብስብ አሰርኩባት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ክሩ ቱነር (መቃኛው) ላይ ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ከፍ ይላል፣ በተለይ ሦስተኛዋ ክር። አምባሰል ከላይ ስጀምር ጆሮ ይጎረብጣል። ከባንድ ጋር ድምፅ ስጨምር ደግሞ ትጮሃለች፤ ዝም ስትልም እምምም ትላለች። ተበላሽታ ይሆን?

ሦስተኛ ፍሬት፦
አብሽር፣ አልተበላሸችም። ብሪጇ ነው ከቦታው የሄደው። እንዲህ ያለው ብሪጅ አልተጣበቀም፣ ብሎንም የለውም፤ የሚይዘው የክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። ሁሉንም አንዴ ስትፈታ ተንሸራቷል። ሌላ ጊዜ አንድ ፈትተህ አንድ እሰር።

አሁን ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት) ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ። ብዙዎቹ 314 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ያንተን ግን ራስህ ለካው። ያንኑ ያህል ከ12ኛው ፍሬት ወደ ብሪጁ ቁጠርና በቀጭኗ ክር በኩል 1 ወይም 2 ሚሊ ጨምረህ አስቀምጠው፤ በወፍራሟ በኩል ሌላ 3 ሚሊ ያህል ወደ ኋላ ይዘንበል። ይህ መነሻ ነው፣ ቀሪው የቱነር ሥራ ነው። 12ኛው ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ አድርገህ የምታወጣውን ሃርሞኒክ፣ ተጭነህ ከምታወጣው ድምፅ ጋር አስተያይ። የተጫንከው ከፍ ካለ ብሪጁን ከአንገቱ አርቀው፣ ዝቅ ካለ አቅርበው፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ አትለፍ። ከመግፋትህ በፊት ክሮቹን አላላ። እንደተወጠሩ ከገፋኸው የብሪጁ እግር ቀለሙን ይልጠዋል።

አምባሰል ላይ ጆሮህን የጎረበጠው በከንቱ አይደለም። ከሲ ስትጀምር ሁለተኛው ድምፅ ዲ ፍላት ነው፣ የአንድ ፍሬት ርቀት። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ትንሽ መዛባትም አይደበቅም። ብሪጁን ስትጨርስ መፈተኛህ ይኸው ይሁን።

ፈጣን መልስ፦
በሱፐር ግሉ አጣብቀውና ተገላገል።

ሦስተኛ ፍሬት፦
ኧረ በአላህ! ክር በቀየረ ቁጥር ቦታው ትንሽ መነካቱ አይቀርም፤ ከተጣበቀ በኋላ በምን ይነሳል? እንዳይንሸራተት ከፈለገ ከእግሩ ሥር ስስ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ይበቃዋል። እሱም ቢሆን ላኩ (የቀለሙ ልባስ) ያረጀ ጊታር ላይ አይደረግም፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ቧንቧ ውሃ፦
ብሪጁ ልክ ሆኖም ሦስተኛዋ ክር ልታስቸግርህ ትችላለች። የእንጨት ብሪጁን ጫፍ በቅርብ እየው፣ እንደ ደረጃ ተቆርጧል። ደረጃው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሽቦ ለተጠመጠመበት ሦስተኛ ክር ነው። አንተ ያሰርከው ልሙጥ ነው፤ ልሙጡ ወደ ኋላ ራቅ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ እዚያ ሲቀመጥ ከፍ ይላል። 9 ደግሞ ለዚህ ብሪጅ ቀላል ነው፣ በደንብ ስለማይጫነው ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው የተጠመጠመ 11–49 እሰር።

ክሩ ስለሚከብድ አንገቱን ትንሽ ይስበዋል። ወፍራሟን ክር 1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫንና 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ሩብ ሚሊ ገደማ፣ ቢዝነስ ካርድ ጠበብ ብሎ የሚገባበት ያህል ከሆነ ደህና ነው። ከሰፋ ትራስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አጥብቅ፣ ቃኝ፣ እንደገና ለካ። እምቢ ካለህ አትታገለው።

የሙጋድ ልጅ፦
ክር እየሳብኩ ነው የምጫወተው፣ የተጠመጠመ ሦስተኛ አይከብድም?

ቧንቧ ውሃ፦
ይከብዳል፣ አልዋሽህም። መሳብ የግድ ከሆነ 11 ከልሙጥ ሦስተኛ ጋር እሰርና እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚስተካከልበት የብረት ብሪጅ ፈልግ። የእንጨቱን ድምፅ ግን በከፊል ታጣዋለህ።

ባለ ካውያ፦
ጩኸቱ ከሆዷ ነው። ከአምፑ የሚወጣው ድምፅ የፊቱን እንጨት ያናውጠዋል፣ እንጨቱ ክሩን፣ ፒክአፑ መልሶ ወደ አምፕ፤ እንዲያ እያለ ይሽከረከራል። የጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1958 ኢኤስ 335 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ መሃሉ ላይ ግንድ ያስገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በስልክ መብራት በኤፍ ቀዳዳው አጮልቀህ እይ፤ ግንድ ከሌለ ሙሉ ባዶ ናት። ከአምፑ ፊት አትቁም፣ ወደ ጎን ሁን። ቤዙን ቀንስ፣ በተለይ ከ100 እስከ 200 ኸርዝ። ካልበቃ ከፍራሽ ስፖንጅ ከቀዳዳው ትንሽ ሰፋ አድርገህ ቁረጥና ሁለቱንም ድፈን፤ ሲወጣ በቀላሉ እንዲጎተት ክር እሰርበት።

እምምታው ሌላ ነው። ፒ ናይንቲ ባለ አንድ ጥቅል ስለሆነ የመብራቱን 50 ኸርዝ ይለቅማል። በቆምክበት ዙር፣ በአንዱ አቅጣጫ ይቀንሳል። ክሩን ስትነካ ጸጥ ካለ ሽቦው ደህና ነው። ስትነካም ካልተለወጠ ግን ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት የሚያገናኘው የኧርዝ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ያ በካውያ ይበየዳል። ጃኩንና ቮልዩሞቹን ከመፍታትህ በፊት እያንዳንዱ ላይ ጠንካራ ክር እሰር፤ ሆድ ውስጥ ከወደቁ በኤፍ ቀዳዳው ማውጣት ግማሽ ቀን ይበላል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ኮምቦልቻ ወርደህ የምትጫወት ከሆነ አንድ ልጨምር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። ክሩ ሲሞቅ ይላላል። እንደደረስክ ቦርሳውን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት አቆያት፣ ከዚያ ቃኝ። ወዲያው ከቃኘህ መሃል ላይ ትወርድብሃለች።

የሙጋድ ልጅ፦
ብሪጁን 4 ሚሊ ወደ ኋላ ገፋሁት፤ አምስቱ ክሮች 3 ሴንት (ሴንት የአንድ ፍሬት ርቀት መቶኛ ነው) ውስጥ ገቡ፣ ሦስተኛዋ አሁንም 11 ሴንት ከፍ ትላለች። 11–49 ላዝ ነው። ለመግዛት ያየሁት አምፕ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል፣ ይሆነኛል?

ባለ ካውያ፦
ከኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ይቃጠላል። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፣ አቅሙ አምፑ ጀርባ ከተጻፈው ዋት እጥፍ ይሁን። ሦስተኛዋን የሶኬት እግር ቆርጠህ አትሰካ። ማይክ ስትነካ ከንፈርህን ከነዘረህ አጥፋና የቤቱን ኧርዝ በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ።