ካውንተር ስትራይክን በሰፈራችን እንደገና ማስነሳት ይቻላል ወይ?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦

ያደግሁት አየር ጤና ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከትምህርት ቤት እንደወጣን፣ ቦርሳችንን እንኳ ቤት ሳናደርስ የምንሮጠው አሥር ኮምፒውተሮች ወደተደረደሩበት አንድ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ቤቱ ኢንተርኔት አልነበረውም፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው በኬብል ተያይዘው ካውንተር ስትራይክ 1.6 የተባለውን በሁለት ቡድን የሚካሄድ የተኩስ ጨዋታ እንጫወትባቸው ነበር። ኪቦርዱ ላይ «ቢ»ን፣ ቀጥሎ 4ን፣ ቀጥሎ 2ን ተጭኖ ኤኬ 47 መሣሪያ በጨዋታው ገንዘብ በ2500 ዶላር መግዛትን ጣቶቼ ዛሬም አልረሱትም። ደስት 2 በተባለው ማፕ (የመጫወቻ ሜዳ) ላይ ቦምቡ ከተጠመደ በኋላ ባሉት 45 ሰከንዶች ያ ሁሉ ጫጫታ ይረጋና እየፈጠነ የሚሄደው የቦምቡ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ቀድመን የሞትነው ሁሉ ተነሥተን በሕይወት ከቀረው ልጅ ወንበር ጀርባ እንሰበሰባለን፣ ትንፋሽ የሚያሰማ ግን አይኖርም። መብራት ከጠፋም ወደ ቤት የሚሄድ የለም፤ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ያለቀውን ዙር እየተከራከርን መብራቱን እንጠብቃለን።

አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ልጆቹ ማታ ማታ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በስልካቸው ፓብጂ የተባለውን የኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ። አራቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሳሉ ጨዋታቸው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነው የሚመለሰው። የአንዱ ፓኬጅ ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የቀሩት ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ኮሚቴው የጋራ መገልገያውን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ቢፈቅድልን፣ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ያንን ጨዋታ ማስነሳት ይቻላል? ያጣነው ነገርስ በትክክል ምንድን ነው?

የአለም ገናው ጌም ቤት፦

ለስድስት ዓመት ጌም ቤት ስለነበረኝ ይቻላል ብዬ በሙሉ ልብ እነግርሃለሁ። ጨዋታው ቢያንስ የሚጠይቀው 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 96 ሜጋባይት ራም ስለሆነ፣ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ጨዋታውን ይከፍታል፤ ሌሎቹ የሰርቨር (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ዝርዝሩ ውስጥ «ላን»፣ ማለትም በኬብል የተያያዙት ኮምፒውተሮች መረብ፣ የሚለውን ሲጫኑ ያገኙታል። ፓኬጅ አያስፈልግም፤ ፒንጉም፣ ማለትም መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም።

ያጣነውን በተመለከተ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ በተባለው ጨዋታ ላይ የሠሩት ማሻሻያ ነበር፤ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ከወሰደው በኋላም ሰርቨር መክፈት ለማንም የተፈቀደ ነበር። ስለዚህ እኔ አለም ገና ላይ ተቀምጬ የሰርቨር ባለቤት ነበርኩ። ማፕ የምቀይረው፣ የዙሩን ሰዓት የምወስነው፣ የሚሳደበውን ልጅ አስወጥቼ በማግሥቱ አስታርቄ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የብዙዎቹ ጨዋታዎች ገቢ የሚገኘው ለመሣሪያና ለልብስ ከሚሸጠው ጌጥ፣ ልጆቹ ስኪን ከሚሉት ነው፤ ካውንተር ስትራይክ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ተጫዋቹ የራሱን ሰርቨር ቢከፍት ያንን ጌጥ ለሁሉም በነፃ ሊያድል ይችላል፤ በእኔ እምነት ኩባንያዎቹ ሰርቨሩን ከእጃቸው ማውጣት የማይፈልጉበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ውጤቱ ግን ባለቤቱ ሲዘጋው ጨዋታውም አብሮ መዘጋቱ ነው። ጌምስፓይ የተባለው ተጫዋቾችን የሚያገናኝ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲዘጋ ባትልፊልድ 2 የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ይፋዊ የኢንተርኔት ጨዋታቸውን አጥተዋል። በእኔ መሳቢያ ውስጥ ያለው የ1.6 ሲዲ ግን ዛሬም ይሠራል።

ከለገጣፎ፦

ናፍቆታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እነዚያን ቤቶች እኔ የማውቃቸው ከውጭ ነው። ወንድሜን ለእራት ጥሪው ተብዬ ስላክ በሩ ላይ ቆሜ እጣራ ነበር እንጂ፣ አንዲት ሴት ልጅ ገብታ ወንበር ይዛ አይቼ አላውቅም። ለእኔ በሩን የከፈተልኝ ስልክ ነው።

የምጫወተው ሩንስኬፕን ነው፤ ብዙ ሰው በኢንተርኔት በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ እሱም አሮጌ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን ብዙ ከተለዋወጠ በኋላ ተጫዋቾቹ የቀድሞው ይመለስልን ብለው ድምፅ ስለሰጡ፣ አዘጋጁ ድርጅት ተቀምጦ የነበረውን የኦገስት 2007 ቅጂ በ2013 እንደገና ከፈተው፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በስልክም ይሠራል። ለእኛ የሚመችበት ምክንያት አለው። የባሕር በር ስለሌለን ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ነው አውሮፓ የሚደርሰው፤ በተኩስ ጨዋታ ላይ ይህ መዘግየት ይገድላል። ሩንስኬፕ ግን እያንዳንዱን ድርጊት የሚቆጥረው በ0.6 ሰከንድ ልዩነት ስለሆነ፣ የ150 ወይም የ200 ሚሊ ሰከንድ ፒንግ እምብዛም አይታወቅበትም። ሪያድ ካለችው እኅቴ ጋር ዓርብ ማታ ጨዋታው ውስጥ አብረን ዓሣ እያጠመድን ስለ ቤተሰብ እናወራለን። ክፍሉ ሲከፈት ሴቶች ልጆች በግልጽ ይጠሩ፤ በሩ ክፍት ነው ማለት ብቻ አይበቃም።

ተማሪ ከኮተቤ፦

ስታቢላይዘር አትርሱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ያጎቴ ሁለት ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሏል።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኅቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ እሷም በልጅነቷ በሩ ላይ ቆማ የምትጣራ እንደነበረች ነገረችኝ። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ከምናስቀምጣቸው አራት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ለሴቶች ልጆች እንዲያዙ ወስነናል፤ በየቤታቸው ሄዳ የምትጠራቸውም ራሷ ናት። ኮሚቴው ክፍሉን ለሁለት ቅዳሜ ለሙከራ ፈቅዶልናል። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ ባለ 8 ፖርት ስዊችና ኬብል ከመርካቶ እገዛለሁ። ጋሼ፣ የኬብሉን ጫፍ የሚነክሱበት መቆንጠጫ አሁንም ካለዎት፣ ዓርብ ከሥራ ስወጣ አለም ገና ድረስ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሲዲውንም እንዳይረሱብኝ።