ፑዮ ፑዮ ላይ የ9 ዓመት ልጅ አፈር እያበላችኝ ነው፤ የት ጋ ነው የምሳሳተው?

የማታ ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ያሳፍራል ግን ልናገር። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እህቴ ቤት ነው የምኖረው። ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብሬያት እሆናለሁ። ለልደቷ ኒንቴንዶ ስዊች ተገዛላት። እሷ ግን ከጌም ሁሉ መርጣ ፑዮ ፑዮ ቻምፒየንስ ላይ ሙጭጭ አለች።

እኔ የቴትሪስ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ብሪክ ጌም የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ተራ ይዘን ነበር የምንጫወተው። የኔ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ባትሪው ካላለቀ አልሞትማ። እና ፑዮ ፑዮ ምን ሊከብድ ነው? አልኩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወርዱ ባለቀለም ድቡልቡሎች ናቸው። አራት አንድ ዓይነት ሲነካኩ ይጠፋሉ። በቃ።

እኔ እንዳገኘሁ ቶሎ ቶሎ አጠፋለሁ። ሜዳዬ ንጹሕ ነው። የሷ ሜዳ ዝብርቅርቁ ወጥቶ እስከ አፍ ጢሙ ይሞላል። «አሁን አለቀላት» እላለሁ። እሷ አንዲት ቢጫ ጣል ታደርጋለች። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ። እኔ ላይ ግራጫ ድቡልቡል ይዘንባል፤ ሞትኩ።

ውጤቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። እሷ 41፣ እኔ 3። ከሦስቱ አንዱን ያሸነፍኩት ሽንት ቤት ሄዳ ነው። እባካችሁ የገባው ያስረዳኝ።

ካዛንቺስ

ሽንት ቤት የሄደችውን ቆጥረህ ነው 3 ያልከው? ወንድሜ፣ 2 ነው።

የሂሮሺማዋ

በሽታህን አወቅሁት፤ እኔንም ይዞኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሂሮሺማ ተምሬያለሁ። ፑዮ ፑዮ የተወለደው እዚያው ነው። ኮምፓይል የሚባል የከተማው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣው። ስሙ ለስላሳ ነገር ሲርገበገብ ጃፓኖች የሚሉት ነው። በጣም ከመወደዱ የተነሳ ድርጅቱ በፑዮ ቅርጽ ማንጁ የሚባለውን ጣፋጭ ሁሉ ይሸጥ ነበር። በ1998 ግን ዕዳ አንኮታኮተው፤ የጨዋታው መብትም ወደ ሴጋ ሄደ። እኔ የደረስኩት ከጣፋጩ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሆንዶሪ ከሚባለው የገበያ መንገድ ጎን አንድ ጌም ቤት ነበር። እዚያ ከሥራ መልስ የሚመጡ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ አሉ። ቦርሳቸውን እግራቸው መሃል አድርገው ይጫወታሉ። እኔ 100 የን እከታለሁ፤ ያሸንፉኛል። ሌላ 100 የን እከታለሁ፤ ያሸንፉኛል። የምሳ ገንዘቤን ነው የጨረሱት። አንድ ቀን አራተኛዋን ቀይ ላስቀምጥ ስል ዘወር አሉና «ማዳ» አሉኝ። «ገና» ማለት ነው።

ያንተም ችግር ይሄው ነው። ቴትሪስ ላይ ማጽዳት ጥሩ ነው። ፑዮ ላይ አራቱን ብቻ ብታጠፋ ለተቃራኒህ ምንም አይሄድበትም። በ1994 በወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ በፑዮ ፑዮ ትሱ ሕግ ልንገርህ፤ አንተ ጋ ያለው ጨዋታ ውስጥም ይህ ሕግ አለ። አንድ ግራጫ ለመላክ 70 ነጥብ ያስፈልጋል። አራት ማጥፋት 40 ነጥብ ነው። ስለዚህ ዜሮ። የሚጎዳው ሰንሰለት ነው። ጃፓኖች ሬንሳ ይሉታል። አንዱ ሲጠፋ ከላዩ ያለው ወርዶ ሌላ አራት ይሞላል፣ እሱም ሲጠፋ ሌላ። የ2 ሰንሰለት 5 ግራጫ ይልካል። የ3ቱ 14፣ የ4ቱ 32፣ የ5ቱ 69። ሜዳው ወደ ጎን 6፣ ወደ ላይ 12 ነው፤ በጠቅላላው 72 ቦታ። አሁን አምስት ጊዜ «ጠሽ» ስትሰማ ለምን እንደምትሞት ገባህ?

ሚጡም የዘበራረቀችው መስሎህ እንጂ እየሠራች ነው።

እንደኔ «ደረጃ» በሚባለው አደራደር ጀምር። ግራ ጥግ 3 ቀይ ወደ ላይ ደርድር። ከጎኑ 3 አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ 1 ቀይ። ቀጥሎ 3 ሰማያዊ፣ አናቱ ላይ 1 አረንጓዴ። ቀጥሎ 3 ቢጫ፣ አናቱ ላይ 1 ሰማያዊ። አሁን ከቢጫው በስተቀኝ 1 ቢጫ ጣል። ቢጫው ሲጠፋ ሰማያዊው ይወርድና ጓደኞቹን ያገኛል። እንዲህ እያለ እስከ ቀዩ ይሄዳል። 16 ፑዮ፣ ማለትም 8 ጥንድ ነው የሚፈጅብህ። ቀለሞቹ በዚህ ቅደም ተከተል ስለማይመጡ መጀመሪያ ታለቅሳለህ። ለሁለታችሁም የሚወርደው ጥንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕድሌ ነው ማለት አትችልም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የምትሞተው ከግራ ሦስተኛው አምድ አናቱ ሲዘጋ ነው። ሌላው ቢሞላ ግድ የለም፤ እሱን ጠብቅ። ደግሞ ግራጫ ሊወርድብህ ሲል ያንተን ሰንሰለት ከለቀቅህ የሷን ይቀንስልሃል። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ይሄ መከላከያ አልነበረም። ቀድሞ የተኮሰ ያሸንፍ ነበር። ትሱ ነው ያመጣው። ለኔ ጨዋታው ጨዋታ የሆነው ያኔ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ርዕስ ላስቀይር። የኔ ልጅ ይሄ ጌም ላይ ሰይጣን የሚባል አለ አለኝ። እውነት ነው?

የሂሮሺማዋ

በጃፓንኛው አዎ እማዬ፣ ስሙ ሰይጣን ነው። ቀንድ አለው። ሥራው ግን አርሌ የምትባለውን ልጅ ካላገባሁ እያለ መነዝነዝ ነው። በእንግሊዝኛው የጨለማው ልዑል ብለው አለዝበውታል። እኔን የሚያስፈራኝ እግር አብቅሎ የሚጨፍረው ዓሣ ነው።

ናታንያ

እኔ ደግሞ ይህን ጨዋታ የሶኒክ ነው ብዬ ነው ያደግሁት! ጎረቤታችን ሴጋ ሜጋ ድራይቭ የሚባለው የጌም ማጫወቻ ነበረው፤ ዶክተር ሮቦትኒክ የሚስቅበት ጨዋታ ነበር። ለካ በ1993 ለምዕራቡ ገበያ ሲያወጡት አርሌንና ዓሣውን አንስተው የሶኒክን ጠላቶች ተክተው ነው። ድቡልቡሎቹንም ባቄላ አሏቸው። በ1995 ደግሞ ኒንቴንዶ የራሱን ገጸ ባሕርይ ከርቢን አልብሶ አወጣው። አንድ ሰው በሦስት ስም እንደ መተዋወቅ ነው።

የማታ ሾፌር

ተመለስኩ። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስት ቀን ደረጃውን ስለማመድ ከረምኩ። ተሳፋሪ ስጠብቅ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ቀለም እየሣልኩ። ዛሬ ሠራሁት! አራተኛዋ ቀይ ስትጠፋ ሚጡ ኮንትሮለሩን ይዛ ቀረች። አምስት ረድፍ ግራጫ ወረደባት። «አጎቴ፣ ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ቀጣዩ ላይ በ6 ሰንሰለት መለሰችልኝ። ፍሪጁ አሁን 58 ለ 4 ይላል (ካዛንቺስ፣ 4 ነው)። ግን አንድ ነገር አለ። ግራ ጥግ ላይ የታጠፈ ነገር መሥራት ጀምራለች። ሰንሰለቱ ሄዶ ሄዶ ከላይ ተመልሶ ይመጣል። ምንድነው ስላት «ጂቲአር» አለችኝ። የመኪና ስም አይደለም እንዴ?

የሂሮሺማዋ

ታናካ በሚባል ተጫዋች ስም የተጠራ አሠራር ነው። ደረጃህ ቀኝ ግድግዳ ሲደርስ ያልቃል፤ የሷ ታጥፎ ከላይ ይቀጥላል።

ፍሪጁ ላይ ሌላ ወረቀት ጨምሩ።