የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ግቢ፦ የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ስለ አሮጌው ጣቢያና ጥገና ክፍል ለአስተዳደሩ የምናስገባውን ሐሳብ ጀምሬያለሁ። መግቢያው ይኸው፦ «ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስ ድሬዳዋ አትኖርም ነበር። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረና ከሥሩ ቀረ። ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች።» የምኒልክን የ1886 የባቡር ሥራ ፈቃድ ልጨምርበት? ከታች «ጥገና ክፍሉ ሙዚየም ይሁን» የሚል መስመርም አስገብቻለሁ።

የከዚራው ነጋዴ፦ አቦ ታሪኩን አሳጥሪው! እነሱም ያውቁታል። የምንፈልገውን ከላይ አድርጊው።

ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፦ ልጆቼ፣ «ሙዚየም ይሁን» የሚለውን መስመር አይቼ ከፋኝ። ሙዚየም አልጠላም። ግን ብረት የምንቀርጽበት ማሽን፣ ቶርኖው፣ በገመድ ታጥሮ ሰው ፎቶ ሲነሣበት ማየት አልፈልግም። እዚያ ስገባ ጺም አላበቀልኩም ነበር። መለዋወጫ ከውጭ መምጣቱ ሲቀር እዚሁ ነበር የምንሠራው። የተሰበረውን ትለካለህ፣ ከእንጨት አምሳያው ይወጣለታል፣ ብረቱ አሸዋ ውስጥ ይፈስሳል፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ ይወጣል። አለቃችን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገውና «አንኮር» ይላል። ድገመው ማለት ነው። አንዷን ቡኮላ፣ ዘንግ የሚሽከረከርባትን ቀለበት፣ ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል፤ በአራተኛው ዝም ብሎ ኪሱ ከተታት። ማሽኑማ ብረት ነው፣ የትም አይሄድም። የሚጠፋው ያ እጅ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እንዲህ ቀየርኩት፦ «ጥገና ክፍሉ የሥራ ቦታ ሆኖ ይቀጥል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይለማመዱበት። ጎብኚም ሥራ ሲሠራ ይይ።»

ነጋዴው፦ ምን ሊጠግኑበት? የግቢው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ነው። አዲሱ ባቡር እዚህ ሐዲድ ላይ አይወጣም፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሏል።

ጡረተኛው፦ ወፍጮ የለም? የውኃ ፓምፕ የለም? ቶርኖ ለባቡር ብቻ ነው ያለህ ማነው?

የሥነ ሕንፃ ባለሙያዋ፦ ሁለት ነገር ላንሣ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለማደስ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ ይመዝገብ እንበል። ማሽኑም፣ ፉርጎውም፣ ግድግዳው ላይ ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍም። ሌላው የደቻቱ ወንዝ ነው። በ1998ቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ ካለበሱት የዝናቡ ውኃ የት ሊገባ ነው? አፈሩና ዛፎቹ ባሉበት ይቆዩ። በዚህ ሙቀት ጥላ የሌለው አደባባይ ማንም አይቀመጥበትም፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሞክሩት።

በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ፦ ሁሉንም አነበብኩ። እኛ እንነሣለን ወይስ አንነሣም? እሱን የሚል መስመር አጣሁ።

ጸሐፊዋ፦ ይቅርታ እህቴ፣ ዘልዬዋለሁ። «ነዋሪውን ያሳተፈ» የምትል ሐረግ ብቻ ናት ያለችው።

የሥነ ሕንፃ ባለሙያዋ፦ እሷ ሐረግ ማንንም ቤት አታስገባም። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ በ2011 ፕሮጀክቱ ሲጀመር 36 ሄክታር፣ 1,600 ገደማ አባወራ፣ ቤታቸውም እዚያው ይሠራል ተብሎ በቁጥር ነው የተነገረው። እኛም በቁጥር እንጻፍ። ስንት ቤት፣ ስንት ሻይ ቤት፣ ስንት ጉሊት። ቁጥር ካለ ቆይቶ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

ነጋዴው፦ እሺ፣ በቁጥሩ ተስማምቻለሁ። ግን ገንዘብ የሚያመጣ ነገርም ይግባ። ባለሀብት ካልመጣ ያ ጣራ አይታደስም። ሆቴል ብንል ምን ይለናል?

ጡረተኛው፦ የመንገደኛውን አዳራሽ ካፌ አድርጉት፣ ደስ ይለኛል፤ እኔም ቡና እጠጣበታለሁ። ጥገና ክፍሉን ግን አትንኩ።

ጸሐፊዋ፦ እንደዚያው ጻፍኩ፦ አዳራሹ ሊከራይ ይችላል፣ ኪራዩ ለጣራው እድሳት ይውላል፣ ጥገና ክፍሉ አይከራይም። የሆቴሉን ነገር ገና አልተስማማንም፤ በእሁዱ ስብሰባ ድምፅ እንስጥበት። ቆጠራው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ከበሩ እንጀምራለን። ረጅም ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ።

ሻይ ሻጯ፦ ሻዩ በእኔ ነው። እኔንም መቁጠር እንዳትረሱ።