ቤት የተሰራ ሎሽንና «ከሁሉም ነፃ» ምግብ፦ ለልጆች ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ እስቲ ተከራከሩልኝ፣ እኔና ባለቤቴ መስማማት አቅቶናል። የዛሬ ስምንት ወር መጀመሪያ ሎሽን ብቻ ነበር የጀመርኩት፣ ከዛ ሻምፖ፣ ከዛ ዲዮድራንት፣ ከዛ የጥርስ ሳሙና፣ አሁን ደግሞ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ልሰራ ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ምግብ ላይ የታሸገውን ነገር በሙሉ አስወጣሁ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ ወተትና የወተት ውጤት፣ ተራ ጨውም ትቼ ሮዙን የተራራ ጨው ነው የምጠቀመው፣ ከሰኞ ጀምሮ ስንዴም ላቆም ነው ምክንያቱም ትልቋ ልጄ (6 አመቷ ነው) በልታ ስትነሳ ሆዷ ይነፋል፣ ያማታል። ባለቤቴ «ልጆቹን መሞከሪያ አደረግሻቸው» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ መሞከሪያ ያደረጋቸው ፋብሪካው ነው ባይ ነኝ። ቤተሰብን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ማዞር ልክ ነው አይደለም? የምትቃወሙም ፃፉ፣ አልቆጣም።

ሳሙና ሰሪዋ፦
በርቺ እህቴ! እኔ አራት አመት አለፈኝ። የትንሹ ልጄ ቆዳ ክርኑና ጉልበቱ መታጠፊያ ላይ እየተሰነጠቀ ሌሊቱን ሲያክ ያድርና ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አገኝ ነበር፣ ሽቶ ያለበትን ሳሙናና ሎሽን በሙሉ ጥዬ ሽታ የሌለው ራሴ መስራት ከጀመርኩ በኋላ ነው እሱም የተኛው እኔም የተኛሁት። «ፋብሪካው አጥንቶ ነው የሚሰራው» ለሚሉኝ ሁሌ የማነሳው ትሪክሎሳንን ነው። ፀረ ባክቴሪያ ነው እየተባለ ስንት አመት ታጠብንበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እሱን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ከእጅና ከገላ ሳሙና አስወጣ፣ ለምን? አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጥ፣ በየቀኑ ሲጠቀሙበትም እንደማይጎዳ ማሳየት ስላልቻሉ። እና እኛ ነን ተጠራጣሪዎቹ?

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ ያልሽው ልክ ነው፣ ሽቶው ኤክዚማ (ቆዳ የሚደርቅበትና የሚያሳክክ ህመም) ላለበት ልጅ ከባድ ነው፣ የትሪክሎሳኑም ነገር እንዳልሽው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ «ቤት የተሰራ» የሚባለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተታችን ነው። ዘይትና ሰም ብቻ የሆነ ቅባት ሌላ፣ ውሃ የገባበት ሎሽን ሌላ። ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ አይራባም፣ ስለዚ የሺያ ቅቤና የንብ ሰም አቅልጠሽ የሰራሽው ቅባት ደረቅ እቃ ውስጥ ለወራት ቢቀመጥ ቢበዛ ሽታው ይለወጣል። የእሬት ጄል፣ የፅጌረዳ ውሃ፣ የተቀቀለ ቅጠል ውሃ የገባበት ግን ያለ ፕሪዘርቫቲቭ (ጀርም እንዳይራባበት የሚጨመር ነገር) ሙቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጣት እየተነከረበት ከሰነበተ ሱዶሞናስና ስታፍ የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ይፈሉበታል፣ የሚያስፈራው ደግሞ አይታይም አይሸትም፣ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ስታዪ ልጅሽ ስትቀባው ሰንብታለች ማለት ነው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ አስቢው። እና በናታችሁ፣ ቫይታሚን ኢ ፕሪዘርቫቲቭ አይደለም!! ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ይሄን ስህተት በየቪዲዮው ነው የማየው።

ጠያቂዋ፣ ሰንስክሪኑን ደግሞ ተዪው። ዚንክ ኦክሳይድ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ዱቄቱ በማንኪያ ሲማሰል ይቋጠራል፣ ቆዳ ላይ አንዱ ጋ ወፍሮ አንዱ ጋ ባዶ ይቀራል፣ ኤስፒኤፉ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙ) ስንት እንደሆነም ቤት ውስጥ መለኪያ የለም። ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የሸፈንሻት ይመስልሻል፣ የምታውቂው ትከሻዋ የተቃጠለ ለታ ነው። ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጥላ፣ ከነሱ በላይ ናቹራል ነገር የለም፣ ለቀረው ተመርምሮ የታሸገ ግዢላት።

ሳሙና ሰሪዋ፦
ወንድሜ ፕሪዘርቫቲቭ ስትል ፓራቤን ማለትህ አይደል? አውሮፓ 2014 እ.ኤ.አ. ላይ አምስት አይነት ፓራቤን አግዷል፣ ይሄንንም ንገራቸው እንጂ።

ፋርማሲስቱ፦
እነግራቸዋለሁ፣ አምስት ነው ልክ ነሽ፣ የታገዱትም ደህንነታቸውን የሚያሳይ በቂ መረጃ ስላልቀረበላቸው ነው። ሜቲልና ኤቲል ፓራቤን ግን በመጠን ገደብ (ለየብቻቸው እስከ 0.4 ፐርሰንት) እዛው አውሮፓ ውስጥ ተፈቅደው ቀርተዋል። ከዛ በኋላ የሆነውን ስሚ፣ ሰው ፓራቤንን ሲሸሽ ፋብሪካዎች «ፓራቤን የለውም» ብለው ለጥፈው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል ሌላ ፕሪዘርቫቲቭ በብዛት መጠቀም ጀመሩ፣ ቆዳው የሚቆጣ ሰው በዛ፣ የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ህመም ሐኪሞች ማህበር በ2013 እ.ኤ.አ. እሱን የአመቱ አለርጂ አምጪ አለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓራቤንን አለርጂ የማያመጣ ብሎ መረጠው። ስለዚ የሸሸነውን ብቻ ሳይሆን የተጠጋነውንም እንጠይቅ ነው የምለው፣ ቤት የሚሰራውንም ጨምሮ።

የሁለት ወንዶች አባት፦
እኔ ስለ ጥርስ ሳሙና ብቻ ነው የምናገረው፣ ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ባለቤቴ ቤኪንግ ሶዳና የኮኮናት ዘይት ቀላቅላ፣ ሁለት ጠብታ ሚንት ጨምራ በትንሽ ብልቃጥ ትሰራ ነበር፣ እኔም ደጋፊ ነበርኩ፣ ልጆቹም ወደውት ነበር፣ ጥርሳቸውም ነጭ ነበር እኮ። አመት ከምናምን እንደሄድን ትልቁ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጉንጩን መያዝ ጀመረ። አንድ ማታ አልጋው ላይ አጋድሜ በስልክ መብራት አፉን ሳይ ከኋላ ያሉት መንጋጋዎቹ መሀል ቡኒ ነጥብ፣ አንዱ ጋ ደግሞ የክብሪት እንጨት ጫፍ የምታስገባ ቀዳዳ። አራት ጥርስ። ሐኪሟ አልተቆጣችንም፣ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችን፣ «የምትቦርሹበት ፍሎራይድ አለው?» እና «በምግብ መሀል ምን ይበላሉ?»። የለውም አልናት። በምግብ መሀል ደግሞ ስኳር ከቤታችን አውጥተናል ብለን በኩራት ማርና ቴምር ቀኑን ሙሉ እንሰጥ ነበር፣ ለካ ጥርስ ላይ ላለው ባክቴሪያ የማርም የቴምርም ስኳር ያው ስኳር ነው፣ ቴምር እንደውም ተጣብቆ ይቆያል። ቤኪንግ ሶዳ ቆሻሻ ያነሳል፣ የጥርሱን ገለፈት ግን ጠግኖ አያጠነክርም፣ ያንን የሚያግዘው ፍሎራይዱ ነው። አሁን ከ1000 ፒፒኤም ያላነሰ ፍሎራይድ ያለው ነው የምንጠቀመው፣ ለትልቁ የአተር ፍሬ ታክላለች፣ ለትንሹ (ሁለት አመቱ ነው) የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ የምቀባላቸው እኔ ነኝ። ልጄ ሲቦረቦርለት እጄን ጨምቆ የያዘኝ አይረሳኝም፣ ሌላ ልጅ እንዲደርስበት አልፈልግም።

ሳሙና ሰሪዋ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ግን የፍሎራይድም ነገር እኮ ባዶ ወሬ አይደለም፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ፍሎራይድ ከልጆች የአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ ነጥብ) መቀነስ ጋር ይያያዛል ብሏል።

ፋርማሲስቱ፦
ብሏል፣ ግን ስለ ምን መጠን? በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ስላለው የመጠጥ ውሃ ነው፣ ያውም በመካከለኛ እርግጠኝነት። በየቀኑ የሚጠጣ ውሃና የሩዝ ፍሬ ታክላ ተቀብታ የምትተፋ የጥርስ ሳሙና አንድ አይደሉም። ውሃው ፍሎራይድ የሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው የጥርስ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ልጅ እንዳይውጠውም አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው።

የመንትዮች እናት፦
ሁላችሁም ቆዳና ጥርስ ላይ ናችሁ፣ እኔን ያስደነገጠኝ የምግቡ ነው። ጠያቂዋ እህቴ፣ እኔ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። ከመንትዮቹ አንዷ ሆዷን ሲያማት አንድ ቦታ ሄጄ ከጣቷ ደም ወስደው «የምግብ አለመስማማት» ምርመራ ሰሩላት፣ ውጤቱ ሦስት ገፅ ነው፣ ከሠላሳ በላይ ምግብ በቀይ ተቀልሟል፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ ሳይቀር። እኔም አመንኩ፣ ሁሉንም አወጣሁ። ሩዝ፣ አትክልት፣ ትንሽ ስጋ፣ በቃ። ሆዷ የተሻላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዛ ከእህቷ ጋር ሱሪ መለዋወጥ አቆሙ፣ የእህቷ ሱሪ እሷ ላይ ወገቡ ይወርዳል፣ እግሩም ይረዝማል። የልጆች ሐኪም ጋ ስንሄድ የእድገት ቻርቷን አወጣልኝ፣ መስመሩ ለሰባት ወር ዝም ብሎ አግድም ሄዷል። የእህቷ ወደ ላይ፣ የሷ አግድም። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር፣ እኔ ነኝ ያስመርኩት ብዬ አለቀስኩ።

ያ ምርመራ አይጂጂ የሚባለውን አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ነው የሚለካው፣ አይጂጂ ደግሞ ምግቡን በልተሽ ሰውነትሽ እንዳወቀው እንጂ እንደሚጎዳሽ አያሳይም። የአውሮፓ የአለርጂ አካዳሚ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው ለምግብ አለርጂ መመርመሪያ አይሆንም ያለው፣ እኔ ብሩን ከመክፈሌ ስንት አመት በፊት! ልጄ ብዙ የምትበላውን ምግብ ነው ለካ በቀይ የቀለሙልኝ።

ሌላም አለ። እንዳይጎዳቸው ብለን ከህፃንነታቸው ምግብ ማራቅ ራሱ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሊፕ የሚባል ጥናት አለ፣ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ህፃናት ነበሩበት፣ ግማሾቹ ኦቾሎኒ ለህፃን በሚሆን መልኩ ከመጀመሪያው አመታቸው ጀምሮ በሉ፣ ግማሾቹ እስከ 5 አመታቸው ተከለከሉ። የኦቾሎኒ አለርጂ የያዛቸው ከተከለከሉት 17 ፐርሰንት ገደማ ሲሆኑ ከበሉት 3 ፐርሰንት ገደማ ናቸው። (ኤክዚማው የበረታ ወይም እንቁላል የማይስማማው ህፃን ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዱ።)

ምግብ አብሳዩ፦
እኔ ግን የጠያቂዋን ግማሽ ስራ እንዳታፈርሱባት እፈራለሁ። የታሸገውን አውጥታ ራሷ ማብሰሏ በጣም ትልቅ ነገር ነው! በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ የጤና ተቋም ጥናት አለ፣ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስተኝተው ሁለት ሳምንት በብዛት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው፣ የቀረበው ምግብ ካሎሪው ስኳሩ ስቡ ፋይበሩ ተመጣጣኝ ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። የፋብሪካው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በልተው ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ፣ በሌላኛው ያንኑ ያህል ቀነሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አዋቂዎች ላይ ነው፣ ግን እኔ ቤቴ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ልጆቼ ራሴ የቀቀልኩትን ጠግበው ይተዋሉ፣ የፓኬቱን ግን አይተዉም።

ስለዚ ራስ ማብሰልና መከልከል ይለያዩ። ወጥ ቤቱን መቀየር አንድ ነገር ነው፣ የምግብ ዝርዝር ላይ መሰረዝ ሌላ ነገር ነው። ወተት ሲሰረዝ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚን ዲው፣ አዮዲኑ አብሮ ይሰረዛል፣ በምን ተካሽው? በተለይ ሮዙ ጨው አሳስቦኛል እህቴ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ከሆነ ከወተት ጋር ሁለት የአዮዲን በር በአንድ ጊዜ ዘጋሽ ማለት ነው። የአዮዲን እጥረት መከላከል እየተቻለ የልጅ አእምሮ ከሚጎዱ ነገሮች ዋነኛው ነው። ተራውን አዮዲን ያለውን ጨው መልሺው፣ ይሄ ነገ የሚባል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሁሉ ማሸት፣ መፍጨት፣ ማፍላት የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ እናት ላይ። ባልሽ መቃወሙን ትቶ ሽንኩርት ይክተፍ፣ እኔ የጀመርኩት እንደዛ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ጠያቂዋ ይሄን ሳታነቢ እንዳትተኚ፣ ስንዴውን ሰኞ እንዳታቆሚ! ሆዷ የሚነፋ ልጅ ሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ሊሆን ይችላል፣ ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ስትበላ ሰውነቷ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው፣ ካቆምሽው አንቲቦዲው ይወርዳል፣ ኖሮባትም ምርመራው የለም ሊል ይችላል። ያኔ ለማጣራት እንደገና ለሳምንታት ስንዴ አብልተሽ እያመማት ማየት ሊመጣ ነው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዛ ነው ማቆም። ሴሊያክ ከሆነች ደግሞ እድሜ ልኳን ፍርፋሪ እንኳ አይነካትም፣ «ሞክረን እናያለን» የሚባል ነገር አይደለም።

ሳሙና ሰሪዋ፦
በዚህ በዚህስ እስማማለሁ። እኔም ሳሙናዬን አልተውም፣ ከኤክዚማው ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ግን እቃ ቤት ያለውን የእሬት ሎሽን ልደፋው ነው፣ ስድስት ሳምንት ሆኖታል።

ጠያቂዋ፦
ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ባለቤቴም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንብቧል። እውነቱን ልናገር፣ የመንትዮቹ እናት የፃፍሽው ጋ ስደርስ ተነስቼ የልጄን የክትባት ካርድ ፈለግኩ፣ ክብደቷ የተፃፈበት የመጨረሻው ቀን ከአመት በላይ ሆኖታል። ነገ የልጆች ሐኪም ጋ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ የሴሊያኩን ምርመራና የወተቱን ነገር አንድ ላይ እጠይቃለሁ፣ እስከዛ ዳቦዋን ትበላለች። ጨውንና የጥርስ ሳሙናውን ባለቤቴ አሁን ሊገዛ ወጥቷል። የሺያ ቅባቴንና ወጥ ቤቴን ግን አልለቅም፣ በሱ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል።