ለፍሬን ማቀዝቀዣ የአየር ቱቦ የሠራ አለ?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ኮሮላ ነው የምነዳው፤ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር። ባለፈው እሁድ ከጓደኞቼ ጋር በተዘጋ ሜዳ ላይ ስንነዳ አራተኛው ዙር ላይ ፍሬን አጣሁ። ብረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፣ ደጋግሜ ስመታው ነው በመከራ የያዘልኝ። አሁንም ሳስበው እግሬ ይንቀጠቀጣል። ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) እስከ ዲስኩ የአየር ቱቦ ላስገባ ነው። የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?

ካዛንቺስ መካኒክ፦
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። የፍሬን ዘይቱን መቼ ነው የቀየርከው? መጀመሪያ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለው አሳይ። ካላፈሰ የፈላው ዘይቱ ነው የሚመስለኝ። ይሄ ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ስትረግጥ አረፋውን ነው የምትጨምቀው። ፔዳሉ ደርቆ መኪናው አልቆም ቢልህ ኖሮ ሸራው (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) ነው እልህ ነበር። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስፈስሰህ ዶት 4 ወይም 5.1 አስገባ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ እንዳትነካው።

ለገሃር፦
እኔ ሠርቻለሁ። የጉም መብራቱን አወጣሁና ከዚያ ቀዳዳ ሙቀት የሚችል 3 ኢንች ቱቦ ዘረጋሁ። ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ዲስክ አጠገብ ይቀልጣል። መጀመሪያ አየሩን የዲስኩ ፊት ላይ ነበር የለቀቅኩት፣ ተሳስቼ ነበር፤ አንዱ ጎን ብቻ እየቀዘቀዘ ዲስኩ ሊጣመምም ሊሰነጠቅም ይችላል። አየሩ መግባት ያለበት ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) አጠገብ፣ ወደ ዲስኩ መሃል ነው። ድርብ ዲስክ (በሁለት ፊቶቹ መካከል የአየር መንገድ ያለው) ሲሽከረከር አየሩን ከመሃል ስቦ በጠርዙ ይተፋዋል። ያንተ ነጠላ ከሆነ ግን ብዙም አትድከም። ደግሞ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረህ ጎማው ቱቦውን እንዳይበላው እይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ስስ ነው፣ ስለዚህ ቱቦውን አታጥብበው።

እህታችሁ ከሜክሲኮ፦
ዙርህን ስትጨርስ ወዲያው አትቁም። አንድ ዙር ፍሬን ሳታበዛ ቀስ ብለህ ንዳና አቀዝቅዘው። ትኩሱን ይዘህ የእጅ ፍሬን አትሳብ፣ ማርሽ ላይ ተወውና ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ።

የፒያሳ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዘይቱን ከገዛኋት ጀምሮ አልቀየርኩትም፣ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ወርጄ አየሁት፣ ቡና መስሏል። ዲስኩ ድርብ ነው። ነገ ዘይቱን አስቀይራለሁ፣ ቱቦው ከዚያ በኋላ።