የኒውስ2 ማንቂያ በዛብን፤ ገደቡን ከፍ እናድርግ?

የዋርድ ነርስ፦ የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ኒውስ2ን (ከትንፋሽ፣ ከደም ግፊት፣ ከኦክስጅንና ከመሳሰሉት ልኬቶች የሚደመረውን፣ የበሽተኛን መባባስ ቀድሞ የሚያሳይ ነጥብ) ራሱ ይደምራል። ድምሩ 3 ሲደርስ ለተረኞች ሁሉ መልእክት ይልካል። አሁን ማንም ሳያነብ ነው የሚዘጋው። ገደቡን 5 ብናደርገው አደጋ አለው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ የድምሩን ገደብ ወደ 5 አንሡት፤ ከ1 እስከ 4 ነርስ አይታ የምትወስነው ነው። 5 እና 6 ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል፣ ልኬቱም ቢያንስ በየሰዓቱ ይሆናል። 7 እና ከዚያ በላይ የድንገተኛ ቡድን ሥራ ነው። ግን አንዱ መለኪያ ብቻውን 3 ካመጣ (ትንፋሽ በደቂቃ 25፣ ወይም የላይኛው የደም ግፊት 90) ማንቂያው ይቅር እንዳትሉ፤ ድምሩ ሲያንስ የሚያመልጠው እሱ ነው። ደግሞ ለሁሉም የተላከ ለማንም እንዳልተላከ ነው። መጀመሪያ ለበሽተኛው ነርስ ይድረስ፣ በ15 ደቂቃ ካልተቀበለች ወደ ሐኪሙ ይለፍ።

የሳንባ ሐኪም፦ አንድ ልጨምር፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠራቀምባቸውን የሳንባ ሕመምተኞች ስኬል 2 (ለእነሱ ዝቅ ያለ ኦክስጅንን እንደ ተገቢ የሚቆጥረው የኒውስ2 የኦክስጅን ነጥብ ሰንጠረዥ) ላይ አድርጓቸው፣ ምርጫውን ግን ሐኪም ይፈርምበት። የደም ኦክስጅኑ 90% የሆነ በሽተኛ በመደበኛው ስኬል 1 ሦስት ነጥብ ያገኛል፣ በስኬል 2 ዜሮ። ከንቱ ጩኸት ከሚያመጡት አንዱ ይኸው ነው።

የዋርድ ነርስ፦ እሺ። ትንፋሹስ? ሁሉም መዝገብ ላይ 20 ነው የሚለው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ሳይቆጠር የተጻፈ ነዋ! ከ12 እስከ 20 ዜሮ ስለሆነ ማንቂያው ዝም ይላል። ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠር፣ በየሳምንቱም የ20ዎቹን ብዛት ከመዝገቡ አውጥታችሁ እዩ።